መሪው ይቀየር ያለው አናጢ

ተረቴ ዙሪት እንደ መጋዝ፣ አንዱን ስትለቅ አንዱን የምትይዝ። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጣቱን ግን ይሰብስብ!

ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ይመር የሚባል አናጢ ነበር። የሰው ቤት በወንበር ሲሞላ የኖረ፣ የራሱ ቤት ግን ወንበር የሌለው። ሚስቱ ጦይባ ጉልበቷን ያማታል። መሬት ከተቀመጠች ለመነሳት ግድግዳ ትይዛለች፤ ግድግዳው ከራቃት ይመርን ትጠራለች፤ ይመር ደግሞ ወርክሾፕ ነው።

"ክንድ ያለው ወንበር ሥራልኝ፣ ተደግፌ ልነሳበት" አለችው።

"እሺ" አላት። ክረምት ገባ፣ "እሺ"። በጋ ገባ፣ "እሺ"።

አንድ ማለዳ ጦይባ ሻሿን አሰረች። "ለሰው ሁሉ ወንበር ሠርተህ ለኔ እሺ ብቻ? የኔን ወንበር ማን ተቀምጦበት ይሆን! እህቴ ቤት ወንበር አለ። የኔ እዚህ ሲቆም ያኔ ትጠራኛለህ" ብላ እያነከሰች ሄደች።

ይመር ማታ ቤቱ ገብቶ በልማዱ "ጦይባ" ቢል መልስ የለም። ድመቷ ብቻ አየችውና ፊቷን አዞረች። "አንቺም ከሷ ጋር ነሽ?" አላት። በዚህ ዕድሜው ከድመት ጋር ሊካሰስ!

ሲነጋ ወርክሾፑ ሮጠ። ጥሩ የዋንዛ ጣውላ አወጣና ጎበጥ ያለ የወንበር ክንድ በእርሳስ ሣለበት።

ዋንዛው ግን ተጠራጠረ። "ማን ላከህ?" አለው።

"ጦይባ ላከችኝ። ወንበሩ ካልቆመ አትመጣም።"

"በምንድነው የምትቆርጠኝ?"

"በባንድሶው ነዋ።" ባንድሶ ማለት እንደ ቀበቶ ተገጥሞ በሁለት መንኮራኩር ላይ የሚዞር መጋዝ ነው፤ የጎበጠ ነገር መቁረጥ የሱ ሥራ ነው።

"በዚያ ሰካራም? ትናንት ወንድሜን መስመር ይዘህ ሂድ ቢሉት እንደ እባብ ነው የተጠማዘዘበት። አልቆረጥም!"

ዋንዛው አይቆረጥ፣ ወንበሩ አይቆም፣ ጦይባ አትመጣ!

ይመር ወደ መጋዙ ዞረ።

"ማን ላከህ?" አለው መጋዙ።

"ዋንዛው ላከኝ። ቀጥ በል ይልሃል።"

"ሰካራም ያለኝ እሱ ነው አይደል? ሰምቻለሁ። እኔ ምን ላድርግ፣ የሚይዘኝ የለኝም። ግራና ቀኜን፣ ጀርባዬንም ደገፍ አድርጎ የሚያስኬደኝ መሪው ነበር፤ እሱ ላልቷል። መሪው ካልያዘኝ ቀጥ አልልም!"

መጋዙ ቀጥ አይል፣ ዋንዛው አይቆረጥ፣ ወንበሩ አይቆም፣ ጦይባ አትመጣ!

ይመር መሪውን ነካ አደረገው። ቀጭ ቀጭ አለ።

"ማን ላከህ?"

"መጋዙ ላከኝ። ያዘኝ ይልሃል።"

"ማሳበቅ ይወዳል! እኔ እጅ የለኝም፣ የምይዘው በኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው፣ ያ ተሽከርካሪ የብረት ቀለበት፣ ከመጋዙ ጋር እየዞረ ነው ሳያቃጥል የሚይዘው። ይኸው ደርቆ ቆሟል፣ መጋዙም ቦይ ቆፍሮበታል። ኩሽኔታው ካልተቀየረ አልይዝም!"

ይመር ኩሽኔታውን በጣቱ ሊያዞር ሞከረ። ንቅንቅ የለም።

"ማን ላከህ?" አለ ኩሽኔታው፣ ድምፁ ሁሉ ዝጎ።

"መሪው ላከኝ።"

"አሁን ነው የታወስኩህ? ሰጋቱራው ላይ ግሪስ፣ ግሪሱ ላይ ሰጋቱራ እየደራረብክ አፌን በጭቃ መረግኸው። ውጣ ካልከኝ እወጣለሁ፤ ግን ዝገቱ ከዘንጌ ጋር አጋብቶኛል። በመዶሻ ብትለኝ ዘንጉን አጣምሜ ነው የምሄድ። መንቀያ ካልመጣ አልወልቅም!"

ኩሽኔታው አይወልቅ፣ መሪው አይይዝ፣ መጋዙ ቀጥ አይል፣ ዋንዛው አይቆረጥ፣ ወንበሩ አይቆም፣ ጦይባ አትመጣ!

መንቀያ ያለው በከተማዋ አንድ ሰው ነው፣ ቶርኖ ሠራተኛው አበጋዝ። አበጋዝ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሻይ ቤት ነው። ይመር እንግዲህ ባንድሶ ጆሮውን ስላደነቆረው ሲያወራ ይጮሃል። ከሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣

"አበጋዝ! መሪው ላልቷል! ካልተቀየረ ከእንግዲህ ቀጥ ብለን አንሄድም! ተነስ እንንቀለው!"

ብርጭቆ ከከንፈር ሳይደርስ ቆመ። አንዱ ሻዩን ሳይጨርስ በጓሮ ወጣ። አንዱ ጋዜጣ አንስቶ ገልብጦ ማንበብ ጀመረ። ይመር መሪ ያለው ያንን የመጋዝ መያዣ ብረት ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ ግን መጋዝ የለም።

አበጋዝ ጎትቶ ጥግ አስያዘው። "ማን ላከህ?" አለ በሹክሹክታ።

"ኩሽኔታው!"

"ቀስ በል! ኩሽኔታው የምትለው ማን ነው? የሰው ቅጽል ነው?"

"ምን ሆነሃል አንተ? መንቀያህን ስጠኝ ነው የምልህ። አሮጌውን ነቅለን አዲሱን እናስገባ።"

"አዲሱ የታለ?"

"እትዬ ሰዓዳ ጋ አለ።"

"እሷም አለችበት?" አበጋዝ ላቡን ጠረገ። "ስማኝ ይመር፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። መንቀል ቀላል ነው። አሮጌውን ነቅሎ ባዶ አስቀረን ብባል ማን ያድነኛል? ሰዓዳ አዲሱን ካልሸጠች መንቀያ አልሰጥም!"

ይመር እየተብከነከነ ወጣ። "ይሄ ሰው ምን አስላበው?" አለ ለራሱ። "ባለፈው መጥቶ ባንድሶውን ሲያሻሽ ነበር። መሪውን ያላላው እሱ ይሆን እንዴ?"

እትዬ ሰዓዳ መለዋወጫ ሻጭ ናት። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ይመር ሲመጣ የሱቋን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደችው። ይመር ጎንበስ ብሎ በታች አያት።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ኩሽኔታ ነበር፣ ለመሪው።"

"ማን ላከህ?"

"አበጋዝ ላከኝ።"

"ለየትኛው መሪ ነው?"

"ለላይኛው ነው። የታችኛውም ደህና አይደለም፣ የጨረሰን ግን ከላይ ያለው ነው።"

"አዑዙ ቢላህ! ይመር፣ ውረድ ከራሴ! እዚህ ኩሽኔታ የለም።"

"ያ ከጀርባሽ የተደረደረውስ?"

"አላየኸውም። የቀበሌው ሊቀመንበር በገዛ አፋቸው ይቀየር ካላሉ አልሸጥም!" ብላ መዝጊያውን አፍንጫው ላይ ጨረሰችው።

ሰዓዳ አትሸጥ፣ አበጋዝ መንቀያ አይሰጥ፣ ኩሽኔታው አይወልቅ፣ መሪው አይይዝ፣ መጋዙ ቀጥ አይል፣ ዋንዛው አይቆረጥ፣ ወንበሩ አይቆም፣ ጦይባ አትመጣ!

ይመር መንገዱን ይዞ ሲሄድ ሰው ሁሉ ሰላምታውን በግማሽ ይመልስለታል። "ለኩሽኔታ የሊቀመንበር ፈቃድ? ይሄ ነገር ዱለታ አለበት" አለ። "የጦይባ እህት ናት! ወሬ የምታወራላት ሰው አገኘች፣ ጦይባ ጥላት እንዳትሄድ ከተማውን አሳደመችብኝ።"

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሙህዬ ቢሯቸው ውስጥ ሰፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ሰምተዋል። ይመር ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣

"ማን ላከህ?" አሉ።

ይመር ትንፋሹን ሳበና ለቀቀው። "እትዬ ሰዓዳ ላከችኝ፣ እሷ ጋ የላከኝ አበጋዝ ነው፣ አበጋዝ ጋ የላከኝ ኩሽኔታው ነው፣ ኩሽኔታው ጋ የላከኝ መሪው ነው፣ መሪው ጋ የላከኝ መጋዙ ነው፣ መጋዙ ጋ የላከኝ ዋንዛው ነው፣ ዋንዛው ጋ የላከችኝ ጦይባ ናት።"

"ብዙ ናችሁ" አሉ አቶ ሙህዬ። "ጦይባ ማናት?"

"ባለቤቴ ናት።"

"እሷም አለችበት?"

"እሷማ ጀማሪዋ ናት ጌታዬ!"

"ምን ፈልጋ?"

"ወንበር።"

አቶ ሙህዬ የወንበራቸውን ክንድ ግራና ቀኝ ጨበጡ። "የማንን ወንበር?"

ይመር ወንበሩን በአናጢ ዓይን አየው፣ ዞር ብሎም ከኋላው አየው። "ልክ የእርስዎን ዓይነት ቢሆን ደስ ይላታል።"

"አሃ!" አሉ ሊቀመንበሩ። ቀስ ብለው ተነሱና፣ ወንበሩን አንድ ጊዜ ዞረው አይተው፣ ይመርን አስወጥተው በሩን በቁልፍ ቆለፉበት። "መሪውን በዓይኔ ሳላይ ቃል ከአፌ አይወጣም! ምራኝ።"

ይመር ከፊት፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ፣ ከሊቀመንበሩ ኋላ ደግሞ ከተማው። ሁሉም "በዚህ በኩል ሳልፍ ነው" የሚል ይመስላል። አበጋዝም እያለፈ ነው፣ ሰዓዳም እያለፈች ነው፣ ጋዜጣ አንባቢውም ጋዜጣውን ገልብጦ እንደያዘ እያለፈ ነው። ወርክሾፑ ሲደርሱ ሁሉም ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ማለፉን ተወ።

"የታለ መሪው?" አሉ አቶ ሙህዬ።

ይመር የመጋዙን ሽፋን ከፈተና ጭብጥ የምታህል ብረት አሳያቸው። "ይኸው።"

አቶ ሙህዬ ከኋላዋ አዩ፣ ከሥሯ አዩ። "ሌላ አልደበቅህም?"

"ከታች አንድ አለ።"

"እሱስ ምን አጠፋ?"

"እሱም ላላ።"

"እስቲ አስነሳው።"

ይመር አስነሳው። ባንድሶው ጮኸ። ቁራጭ እንጨት ላይ መስመር አስምሮ ገፋው፤ መጋዙ አንድ ስንዝር በመስመሩ ሄደና ወደ ግራ አፈነገጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጢስ አወጣ፣ ቁራጩን አስፈንጥሮ በአቶ ሙህዬ ጆሮ ሥር አሳለፈው። ሊቀመንበሩ የሰጋቱራ ክምር ላይ ዘለው ወጡ፤ ከጩኸቱም በላይ ጮኹ፣

"ኧረ አጥፋው! ይሄ መሪ ሰው ይጨርሳል! አንድ ቀንም ማደር የለበትም!"

ይመር አጠፋው። ጸጥ አለ። አቶ ሙህዬ ግን ገና አልጨረሱም ነበር፤

"መሪው ይቀየር! ዛሬውኑ ይቀየር!"

ከቆርቆሮው ጀርባ አንድ ሰው ትን አለው። አቶ ሙህዬ የራሳቸው ድምፅ ጆሯቸው ገባ። አጥሩን አዩ፣ በየቀዳዳው ዓይን ነው።

"የመጋዙን ነው!" አሉ ለአጥሩ። "የመጋዙን ነው ያልኩት!"

"እኔስ የምን አልኩ ጌታዬ?" አለ ይመር።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! ሊቀመንበሩ ይቀየር አሉ፣ ሰዓዳ ኩሽኔታ ሸጠች፣ አበጋዝ መንቀያ ይዞ መጣ፣ አሮጌው ኩሽኔታ እየተነጫነጨ ወለቀ። ይመር የደረቀውን ግሪስና ሰጋቱራ በላምባ አጠበ፣ አዲሱን አስገባ፣ ለታችኛውም እንዲሁ። ከዚያ በመጋዙና በኩሽኔታው መሃል ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ ቡሎኑን አጠበቀና ወረቀቱን ሳበው። መንኮራኩሩን በእጁ አዞረ፤ ድምፅ የለም።

"መሪ አብዝቶ ሲጠጋ ያቃጥላል፣ አብዝቶ ሲርቅ ያንከራትታል" አለ። "የወረቀት ያህል ይበቃዋል።"

"እሷን ነገር ደግሞ ሻይ ቤት እንዳትናገራት" አሉ አቶ ሙህዬ፣ ሰጋቱራ ከኮታቸው እያራገፉ።

መሪው ያዘ፣ መጋዙ ቀጥ አለ፣ ዋንዛው ተቆረጠ፣ ወንበሩ ቆመ፣ ጦይባ መጣች!

መጣች እንጂ አላመነችም። ወንበሩን ዞረችው፣ ነቀነቀችው፣ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ይመርን ከሥሩ እንዲያይላት አዘዘችው። "ማን አዝዞት፣ ማን ትቶት ነው የደረሰኝ?" አለች።

"ወላሂ ለአንቺ ነው። ቀበሌው ሁሉ ይመስክር።"

ተቀመጠች። ሁለት መዳፏን ክንዱ ላይ አድርጋ ተነሳች፤ ግድግዳ አልፈለገች፣ ይመርን አልጠራች። ደግማ ተቀመጠች። ደግማ ተነሳች። ሦስተኛ ስትቀመጥ ፊቷ ፈታ አለ።

"በል አንተም አረፍ በል" አለችው።

"ምን ላይ?"

"መሬት ላይ ነዋ፣ እኔ በኖርኩበት።"

ይመር መሬት ተቀመጠ። ወሬያቸውን ሲያወሩ ዋሉ። ሊነሳ ሲል ግን ጉልበቱ እምቢ አለው፣ ግድግዳውም ሩቅ ነው። እጁን ወደ ወንበሩ ክንድ ሰደደ።

ጦይባ እጁን አየችው፣ ፊቱን አየችው።

"ማን ላከህ?" አለችው።

ተረቴ እዚህ ላይ ተቆረጠች፤ የሰማ ሰጋቱራውን ይጥረግ፣ ያልሰማ ከጎረቤቱ ይጠይቅ፣ ግን ቀስ ብሎ!