አያ ሙልጭን የያዘችው ልጅ

ይህን የሰማሁት ፊደል ካስቆጠሩኝ ከየኔታ ነው። ያን ጊዜ አልጻፍሁትም፤ አንዳንዱን ተሳስቼ አስታውሼው ይሆናል። እህሉ ገብስ ነበር ወይስ ስንዴ የሚለውን እንኳ እጠራጠራለሁ። ገብስ ይመስለኛል። የጠየቅሁትን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

አባቴ በሚልክልኝ ገንዘብ ከምማርበት ከተማ ለእረፍት በተመለስሁ ቁጥር ከቤታችን አንድ ነገር ይጎድል ነበር። መጀመሪያ የጓሮው ባሕር ዛፍ ጠፋ። አባቴ፣ ነፋስ ጣለው አለኝ። ቀጥሎ የእናቴ የአንገት ድሪ፤ ወንዝ ስትወርድ ወደቀባት ተባለ። በመጨረሻ ቦራ የምንለው የእርሻ በሬ ከቤታችን በታች ካለው ገደል ገባ አሉኝ። እኔ አብሮን የሚኖረውን አጎቴን ጠረጠርሁ። ወደ የኔታ ሄጄ የጠፋውንም የጠረጠርሁትንም ነገርኋቸው።

«የኔታ፣ ቤታችንን የሚያራቁት ሰው አለ። በምን ዘዴ ልያዘው?»

«ከያዝኸው በኋላስ?»

«ቤቱ ይድናላ።»

የኔታ እንዲህ ብለው ጀመሩ።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። በጥጋቡ ዘመን ልጁን ለማሳቅ ሲል አንድ ሌባ ፈጠረላት፤ ስሙንም አያ ሙልጭ አለው። አያ ሙልጭ አይታይም። ግን መቀነቷን ይደብቃል፣ ጫማ ያገላብጣል፣ የድስት ቂጥ ይልሳል። ልጅቱ ማታ ማታ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ወሰደ?» ትለዋለች። «ሳቅሽን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ ከበደውና ጥሎት ሄደ» ይላታል። እንዲህ እየተሳሳቁ ኖሩ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። እህሉ ተበልቶ አለቀ፤ የቀረው ዘሩ ብቻ ሆነ። ዘሩ ጓዳ ውስጥ በጎታ ተቀምጧል። ከግርጌው ያለችው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፋ፣ በእበት ተለስናለች። ዘሩን የበላ ገበሬ የሚመጣውን ዓመት በላ ማለት ነውና ቀዳዳዋን ማንም እንዳይነካ ተባለ። ሰውየው በየማለዳው ጎታውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። እህል ያለበት ድምፁ እንደ ሰው ደረት የታፈነ ነው፤ ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። የሚጮኸው ቦታ ከላይ ወደ ታች እየወረደ መጣ።

«ማን ነው የነካው?» አለ።

ሚስቱ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች «ማን ይሆናል? ያው አያ ሙልጭህ ነዋ» አለችው።

ማንም አልሳቀም። ሰውየው የሚስቱን ጀርባ ሲያይ ቆየ፤ ደግሞ አልጠየቀም።

ልጅቱ ግን ነገሩን የእውነት አድርጋ ያዘችው። ያ ቀልደኛ መቀነት መደበቁን ትቶ የአባቷን ዘር መብላት ጀምሯል። እንዲህም አሰበች፤ አይታይምና በዓይን አይያዝም። የሚበላ ከሆነ ግን አፍ አለው። አፍ ካለው ይመረዋል። ከመረረው እንትፍ ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ እሰማዋለሁ።

እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ለሆድ ትል ተወቅጦ የተቀመጠውን ኮሶ አወረደች። እበቱን ፈነቀለች፣ ጨርቁን ነቀለች፣ ኮሶውን ቀዳዳዋ አፍ ላይ ካለው ገብስ ጋር አሸችው። መልሳ ወተፈችና እንደ ነበረ ለሰነችው። ከዚያ ጓዳው በር ላይ ተኝታ ጠበቀች። እንቅልፍ ጣላት።

በዚያ ክፉ ዘመን አባትና እናት ቅጠል ቀቅለው ነበር የሚበሉት። ለልጅቱ ብቻ በየማለዳው አንድ ኩባያ ቀጭን አጥሚት ይሰጣታል። «ከየት ነው እማዬ?» ስትል «አክስትሽ ዱቄት ልካልሽ ነው» ትባላለች። እናቷ ግን አጥሚቱን ቀምሳው አታውቅም። ከቀመሰች ማቆም እንደማትችል ታውቃለችና።

በማግስቱም ልጅቱ ኩባያውን ተቀበለች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። መረራት።

ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ የልጇን ጉሮሮ እያየች የራሷን ምራቅ ትውጥ ነበር።

«ምነው፣ ቀዘቀዘብሽ እንዴ?»

«አይ እማዬ። ይጣፍጣል» አለችና ፊቷን ሳታጨማድድ እስከ አተላው ጠጣችው።

ከዚያ ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ አያ ሙልጭን ያዝኩት።»

ሰውየው ሊያንኳኳ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። «ማን ሆኖ አገኘሽው?»

«ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ። ከእንግዲህ አይበላም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያውን መለሰች። «ጠግቤአለሁ» ትላለች። እናቷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አፍንጫዋን ይዛ ልታጠጣት ታገለች። አባቷ ጎታውን በገዛ እጁ ከፍቶ «ዘሩ ገደል ይግባ! ብዪ ልጄ!» አላት። ጥርሷን ነከሰች። ርሃብ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ትኩሳት አስከትሎ መጣ።

ዝናቡ ዘግይቶ ጣለ። ሰውየው ዘራ፤ ቡቃያውም አማረ። እሸቱ ሲደርስ ግን ያ ቤት የሁለት ሰው ቤት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዕቃ ቢጠፋ ማን ወሰደው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረበትም።

የኔታ ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጅቱ ሞኝ አልነበረችም፤ ወጥመዷም አልሳተም። የያዘችው ግን በገዛ ምላሷ ነው። አንተም ይኸው ሌባ ልትይዝ ተነሥተሃል። አባትህ አንዴ ነፋስ፣ አንዴ ወንዝ፣ አንዴ ገደል የሚለው የእናንተ ቤት አያ ሙልጭ ነው። አጎትህን ተወው። ከተማ ስትመለስ ጠዋት የምትጎነጫትን ነገር ቀስ ብለህ ቅመሳት።»

«ከመረረኝስ፣ የኔታ? ምን ላድርግ?»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እሱን እኔም አላውቀውም፤ ለልጅቱም የነገራት አልነበረም» አሉ።

አጎቴን አልጠየቅሁትም። በተከታዩ በጋ፣ ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ሲጎድል፣ ወደዚያ ወረድሁ። ጅብ አጥንት እንደሚጨርስ፣ ቀንድ ግን እንደሚተው እረኞች ነግረውኝ ስለ ነበር የፈለግሁት ቀንድ ነው። ቁጥቋጦውን እየገለጥሁ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ቀንድ የለም።