ጠፍሩ ለምን ሾለከ?

ተረት ተረት!

— ጆሯችን እንደ በረት!

ይሄ ነው መልስ? ራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

— ጆሯችን እንደ በረት!

እሰይ! አሁን ሰማሁ። ሞገስ፣ እግርህን ሰብስብ። ብርቄ፣ አንቺ ወደዚህ ጠጋ በይ። የዛሬው ተረት ሰው ገደል የሚገባበት ስለሆነ የሚፈራ ካለ ከአሁኑ ይተኛ። የለም? በሉ እሺ።

በድሮ ዘመን ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት አገር ነበረች። ገደሉን ቁልቁል ሲያዩት ያዞራል። በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ ነበረ፣ በዋሻውም ውስጥ ንብ ነበረና ማር ይሠራ ነበር። ከላይ በእግር አይወረድም፣ ከታችም አይወጣም። ስለዚህ ኅዳር ሲገባ አንድ ሰው በጠፍር ያወርዱና ማሩን ያስቆርጡ ነበር። ጠፍር ታውቃላችሁ? የበሬ ቆዳ ተተልትሎ፣ ተገምዶ የሚሠራ ገመድ ነው። አንዱ ይወርዳል፣ አሥር ጎበዝ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይይዘዋል።

በዚያች አገር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ቀጭን ናት፣ አጭር ናት፣ አንዴ እምቢ ካለች ግን ማንም አይመልሳትም። እኔን ትመስላለች ማለት ነው። አባቷ ጫኔ የአገሩ ማር ቆራጭ ነበር። አንድ ዓመት ላይ ጫኔ እንደ ልማዱ ወረደ። ማሩን ቆረጠ። ሲያወጡት ጠፍሩ ከአሥሩም ጎበዝ እጅ ሾለከ! አጥብቀው ይዘውት ሳለ በመዳፋቸው መሀል እየተንሸራተተ ሄደ። ጫኔም ገደል ገባ።

አገሩ ሁሉ፦ «ገደሉ ጠራው» አለ። አለቀሱና ቀበሩት፣ ከዚያም ዝም አሉ። ደብሪቱ ግን አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ወይፈን ጠልፈው የሚጥሉ አሥር ሰዎች አንድ ሰው መያዝ እንዴት ያቅታቸዋል?

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ማር ሳይቆረጥ ቀረ። በአራተኛው ዓመት አንበጣ መጣ። አዝመራውን ጠርጎ በላው፣ ለዘር እንኳ አልተረፈም። የቆላ ሰዎች፦ «ማር አምጡና ዘር ውሰዱ» አሉ። ማር ከሌለ ዘር የለም፣ ዘር ከሌለ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ጎበዛዝቱ ተሰበሰቡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ አንለይ ተነሣ። አንለይ የደብሪቱ ባል ነው።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ።

ደብሪቱ ስትሰማ ክው አለች። ቤት ሲገቡ፦ «አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለችው።

እሱም፦ «ማን ይውረድ ታዲያ? ልጆቻችን ምን በልተው ይደጉ?» አላት።

«መውረዱን አልከለክልህም። ጠፍሩ ለምን እንደሾለከ ሳላውቅ ግን አትወርድም።»

«ገደሉ ጠራው ተብሏል እኮ።»

«ገደል አፍ የለውም! ስንት ቀን አለኝ?»

«ስምንት።»

«ይበቃኛል» አለች። ባይበቃትም አለች።

ጠዋት ተነሥታ ወደ አያ ፈንቴ ቤት ሄደች። አያ ፈንቴ ጠፍሩን የሚያለፉ፣ የሚገምዱ፣ የሚያስቀምጡ ሽማግሌ ናቸው። የአባቷ አብሮ አደግ ነበሩ። ጫኔ ከሞተ ወዲህ ሰው መሀል መቀመጥ ትተዋል።

ደብሪቱም፦ «አያ፣ ከጠፍሩ ቁራጭ ይስጡኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊበት ልጄ?»

«ልሞክረው። ለምን እንደሾለከ ማወቅ አለብኝ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት፣ ከዚያም ሁለት ቁራጭ ሰጧት። አንዱ እንዲለሰልስ በሞራ የታሸ ነው፣ ሁለተኛው ገና ሞራ ያልነካው ነው።

ደብሪቱ ከወንዝ ጡጫ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ለቀመች። ሞራ ያልነካውን ጠፍር ስልቻ ላይ አሰረችና በአንድ እጇ አንጠለጠለችው። በሌላው እጇ ድንጋይ ስልቻው ውስጥ ትጨምራለች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። አሥራ አራት ላይ ከእጇ ሾለከ። ከዚያም ሞራ የታሸውን ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ስድስተኛው ላይ ዱብ! አላመነችም። እጇን በአመድ ታጠበችና ደገመች። ስድስት። በግራ እጇ ሞከረች። አምስት። በማግስቱ ሞከረች። አሁንም ስድስት።

ያን ጊዜ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ገደሉ አልጠራውም። አባቷን ከሰው እጅ የነጠቀው ሞራ ነው። ሞራውን የቀባው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች።

ብርቄ፣ ምን ያስለቅስሻል? ቆይ፣ ገና ነው።

ደብሪቱ እንባዋን ጠርጋ፦ «እንግዲያው ሞራ አይቀባም፣ አለቀ» አለች። ግን ያልሞከረችውን አታምንም። ሞራ ያልነካውን ጠፍር ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በአምስተኛው ቀን እንጨት ላይ ብታጥፈው፣ ቀጭ! ተሰነጠቀ። ጎተት ብታደርገው ለሁለት ተበጠሰ። ጉድ በሉ! ሞራ ቢቀቡት ይሾልካል፣ ባይቀቡት ይበጠሳል። የቀራት ሦስት ቀን ነው። አንለይ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቢላውን ይስላል። እሷ ግን እምቢኝ አለች። «መላ አለው። እኔ አላየሁትም እንጂ አለው» እያለች ጓሮ ትንቆራጠጣለች።

ጓሮ ውስጥ ፍየል ታስራ ነበር። ፍየሏ በዛፉ ዙሪያ ስትዞር ስትዞር ጠፍሯ ግንዱ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ደብሪቱ ስታይ ቋጠሮው ተፈትቷል! ፍየሏ ግን ትጎትታለች፣ ትጮሃለች፣ ንቅንቅ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ ብታይ የጠፍሩ ጫፍ ላይ ግልገሏ ተኝታበታለች። ያቺን የመሰለች ትልቅ ፍየል የያዘቻት ከትናንት ወዲያ የተወለደች ግልገል ናት!

ደብሪቱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ቆይ፣ ልሞክረው» አለች።

ሞራ የታሸውን ጠፍር፣ ያንን ሿላኪውን፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠመችው። በአንዱ ጫፍ ሃያ ድንጋይ አንጠለጠለች። እንዳይወርድ በሌላው ጫፍ ስምንት ድንጋይ ፈለገ። ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው። ሦስት ድንጋይ በቃው። ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው። አንድ ድንጋይ ብቻ! አራት ጊዜ ስትጠመጥመው ሃያውን ድንጋይ አንድ እፍኝ ባቄላ ያዘው።

ምን አልክ ሞገስ? ውሸት ነው? ና ተነሥ! ይኸው መቀነቴ። ብርቄ፣ ምሰሶው ላይ አራት ጊዜ አዙሪውና ጫፉን ያዢ። አንተ ጉልበተኛው ሳብ። ሳብ እንጂ! ምነው ፊትህ ቀላ? አሁን ፍቺውና ያለ ምሰሶ ያዢለት። አያችሁ? መሬት ለመሬት ጎተታት። እንጨቱ በተጠመጠመበት ቁጥር ነከስ፣ ነከስ እያደረገ ይይዛል። ትምህርት ቤት ሰበቃ ይሉታል? ይበሉት። ደብሪቱ ስሙን አታውቀውም፣ ሥራውን ግን በእጇ አይታዋለች። በሉ መቀነቴን መልሱልኝ፣ ወገቤን በረደኝ።

ከዚያም ደብሪቱ ወደ አያ ፈንቴ ሄደች። እግሯ እየከበዳት ሄደች። ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው።

አያ ፈንቴም፦ «ሞራው ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አያ።»

«የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

እሳቸውም፦ «ያን ዓመት ጠፍሩ የደረቀ መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ይበቃዋል እል ነበር። የሚወርደው ጫኔ ነውና እንዳይበጠስበት ብዬ ሁለቴ ቀባሁት» አሉ።

ደብሪቱም፦ «ስለወደዱት ነው እኮ አያ» አለች።

«ወድጄ ገደልኩት» አሉና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ከእንግዲህ ጠፍር በእጄ አልነካም።» አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ደብሪቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሰባተኛው ቀን ጎበዛዝቱን አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። እዚያ አንድ ያረጀ ወይራ አለ። ሞራ የታሸውን ትልቁን ጠፍር ግንዱ ላይ አራት ጊዜ ጠመጠመችና ጫፉን ያዘች። ሌላውን ጫፍ ለአሥሩ ሰጠችና፦ «ጎትቱ!» አለች።

አንዱም፦ «ደብሪቱ፣ ክንድሽን ነቅለን አንለይ እንዳይጣላን!» አለ። ሳቁ። ጎተቱ። ከዚያ መሳቁን ተዉት። ተረከዛቸው መሬቱን ቆፈረ፣ አንገታቸው ተገተረ፣ ጠፍሩ ግን ጣት ታህል አልሄደም። እሷ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሻሿን ታስተካክላለች። ሻሿን እንኳ እኔ ጨመርኩት። የቀረው እውነት ነው።

በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ንቡ በብርድ ደንዝዞ ሳለ፣ አንለይ ወገቡን በጠፍሩ ታሰረ። አሥሩ ጎበዝ ጠፍሩን ከገደሉ በኩል ሆነው ሊያወርዱትና ሊስቡት ቆሙ። ከእነሱ ኋላ ጠፍሩ ወይራው ላይ ተጠመጠመ።

አንለይም፦ «ጫፉን አንቺ ያዢልኝ» አላት።

«እኔ አልይዝም። አያ ፈንቴን ጥሩልኝ» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ፈንቴ መጡና ራቅ ብለው ቆሙ። «ተይ ልጄ፣ ይህ እጅ አይሆንም» አሉ።

አላመማትም ብላችሁ ነው? አንጀቷ ነው የቆሰለው! የባሏን ነፍስ ለማን እየሰጠች እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሄደችና ጫፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

«ከእርስዎ የበለጠ አጥብቆ የሚይዝ ሰው እዚህ የለም» አለቻቸው።

አንለይ ወረደ። ማሩ የአራት ዓመት ማር ነው፣ ቢቆርጡት ቢቆርጡት አያልቅም። አንድ ስልቻ ሞላ። ይህ የዘር እህል ነው ብሎ ሁለተኛውን ጀመረ። በዚህ መሀል ፀሐይ ወጣች፣ ገደሉን አሞቀችው፣ ንቡም ነቃ።

«ሳቡኝ!» ሲል ሰሙት።

አሥሩ ሳቡ። እነሱ አንድ ክንድ በሳቡ ቁጥር አያ ፈንቴ የላላውን ከወይራው ኋላ ይሰበስባሉ። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ንቡ ተከትሎት ወጣና አፋፉ ላይ ፈሰሰ። ወይኔ! አንዱ ጎበዝ ጠፍሩን ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ከዚያም ሁሉም ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ሮጡ!

ጠፍሩ ጧ ብሎ ተወጠረ። ወይራው ሲጢጥ አለ። አንለይ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ወረደና፣ አንድ ክንድ ሳይሞላ ቆመ።

አያ ፈንቴ ይዘውታል።

ንቡ ራሳቸው ላይ ሰፈረ፣ ዓይናቸው ላይ ሰፈረ፣ ከንፈራቸው ላይ ሰፈረ። አልጮሁም። እጃቸውንም አላነሡም። ደብሪቱ ሮጣ ነጠላዋን አለበሰቻቸው፣ እሷንም ነደፋት። ወደ ጎበዛዝቱ ዞራም፦ «ተመለሱ! ሽማግሌ ብቻቸውን ይዘውላችኋል! አታፍሩም?» ብላ ጮኸች። አፈሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተመለሱና ሳቡ፣ ሳቡ፣ ሳቡ።

የአንለይ እጅ አፋፉን ያዘ። ከዚያ ራሱ ወጣ። ሣሩ ላይ ከነስልቻዎቹ ተዘረረ። ሰዉ ሁሉ እልል አለ፣ ጠፍሩንም ከወገቡ ፈቱለት።

አያ ፈንቴ ግን ጫፉን አልለቀቁም። ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ተከድኗል፣ ምንም አያዩም።

«ወጣ?» አሉ።

«ወጣ፣ አያ!» አሏቸው።

«አታባብሉኝ! ወጣ?»

አንለይ በእምብርክኩ ሄደና አንድ እጃቸውን ይዞ ፊቱ ላይ አደረገው። «ይኸው እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሌው ግንባሩን ዳሰሱ፣ አፍንጫውን ዳሰሱ፣ ማር የተለጠፈበትን ጢሙን ዳሰሱ። ሌላው እጃቸው ግን አሁንም ጠፍሩን ጨብጧል። አልፈታ ብሏል።

ደብሪቱ አጠገባቸው ተንበረከከችና ጣቶቻቸውን በሁለት እጇ ሸፈነቻቸው።

«አሁን ይልቀቁት፣ አባቴ» አለች።

ያን ጊዜ ለቀቁት።

ተረቴን መልሱ፣ እኔን ማር አልሱ! ማር የለም? እንግዲያው ያ የተቆላው ሽምብራ ይምጣ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። አንተ ሞገስ፣ ተነሥ እንጂ፣ በእፍኝህ ሙሉ!