ጳጉሜ የሌለችበት ደብተር

በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው በተቆለፈ ክፍል በሚኖሩበት ትምህርት ቤት ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩት ከሰሌዳ ወደ ደብተር እየገለበጡ ነው። ፈተናውም በወረቀት ነው።

አንደኛዋ ትርሲት ናት። አርግዛ ጤና ኬላ ስትመላለስ፣ እናቶች የልጆቻቸው የክትባት ቀን ሲጠፋባቸው አየች። ልደቱን ሲነግሩት የክትባቱን ቀን የሚናገር ፕሮግራም አሰበች፤ ኮምፒውተር ሳትነካ በደብተር ጽፋ ጨረሰችው። ስትወልድ ግን ከትምህርቱ ቀረች። ደብተሩን ለክፍል ጓደኛዋ ሰጠችው።

"እኔ እንግዲህ ልጅ ይዤ የትም አልሄድም። አንተ አሠራው።"

ጓደኛዋ ምንተስኖት ነው። የኮምፒውተሩ ክፍል ስለማይከፈት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ፤ ወለል እየጠረገ፣ ገበያ በማይኖርበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። በአንድ ጣት አራት ወር ጻፈ። መብራት ሲሄድ የጻፈው ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቱ "ዶሮ እንኳ ካንተ ፈጥና ትለቅማለች" እያለ ይስቅበት ነበር። ምንተስኖት አልተወውም። ፕሮግራሙ ሠራ፣ ጤና ኬላውም ተቀበለው።

ፕሮግራሙ የትርሲት ልጅ የኩፍኝ ክትባት ቀን መስከረም ሦስት ነው አለ። ትርሲት በቀኑ ልጇን አዝላ ሄደች።

"ከታቢዎቹ እኮ ጳጉሜ ሦስት መጥተው ሄዱ" አሏት የጤና ኬላው ሠራተኞች። "በሚቀጥለው ወር ነይ።"

ለካ ደብተሯ ላይ የጻፈችው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም። ወሩ ሳይሞላ ልጅቷን ኩፍኝ ያዛት። ዳነች፤ አንድ ጆሮዋ ግን አይሰማም።

ሦስተኛዋ ዋጋዬ ይህን ስትሰማ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች። ባቄላ እየደረደረች ቀኖቹን ቆጠረች። ጳጉሜን አስገባች፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የምትሆነውንም። ቀናቸው የተሳሳተ ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች አገኘች፤ ቤት ለቤት በእግሯ ዞራ ነገረች። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ያለፈበት ልጅ የለም።

ወሬው ከተማ ደረሰና ደብዳቤ መጣ። ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ይህን የሠራውን ተማሪ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ብቻ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌጡ ሦስቱንም ጠሩ።

"ሐሳቡም የእጅ ጽሑፉም የኔ ነው" አለች ትርሲት፣ ልጇን እንዳዘለች።

"ደብተር ቀን አይናገርም። ያናገርኩት እኔ ነኝ" አለ ምንተስኖት።

"ያናገርከው ውሸት ነዋ" አለች ዋጋዬ። "ልጅቷን ጠይቃት፣ ከሰማችህ።"

ትርሲት ነጠላዋን ወደ ልጅቷ ጆሮ ሳበች።

"ስህተቱ የኔ ነው ካላችሁ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሥራውም የኔ ነው ማለት ነው።"

"አንቺ ብትሄጂስ፣ ልጅቷ?" አሉ አቶ ጌጡ።

"እናቴ ጋ ትቀራለች። ለሷ ብዬ አይደል።"

አቶ ጌጡ ቅጹን ዘረጉት። ለስም የተተወው መስመር አንድ ነው። ነገ ካልተላከ ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ብዕሩን አንስተው ሦስቱን አዩ፣ ከዚያ ትርሲት ጀርባ ላይ ያለችውን ልጅ አዩ፣ መልሰው አስቀመጡት።

እስቲ እናንተ፣ ብዕሩ እጃችሁ ላይ ቢሆን የማንን ስም ትጽፋላችሁ?