ምስክር ጉልቻ

ከግራር አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ፣ ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች እንደ ተጎለቱ አሉ። የአገሩ ሰው «ምስክር ጉልቻ» ይላቸዋል። ጉልቻ ቦታው ማጀት ሆኖ ሳለ እነዚህ ግን ከቤቱ ደጃፍ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያያቸው ሜዳ ላይ ናቸው። በግራር አፋፍ የቆዩ ጓደኛሞች ለእራት የሚሰበሰቡ እንደ ሆነ ወጡን የሚሠራው አባወራው ነው፤ የሚሠራውም በደጅ፣ እንግዶቹ ከብበውት፣ እነሱ ራሳቸው ይዘው በመጡት ዶሮና ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ነው። ከሌላ አገር መጥቶ እዚያ ያገባ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ሽማግሌዎቹም ስቆ እስኪጨርስ ጠብቀው ነገሩን ከሥሩ ይነግሩታል።

እንደሚነገረው፣ ከብዙ ትውልድ በፊት በዚያ አፋፍ ስድስት ጓደኛሞች ነበሩ። አገሩ ውኃ አጥሮት ሲቸገር እነዚህ ስድስቱ ሦስት በጋ ሙሉ ገደሉን እየጠረቡ ከተራራው ምንጭ እስከ መንደሩ ቦይ ቆፈሩ፤ ውኃው በጥር ወር መንደሩ በደረሰ ዕለትም ከአንድ ገበታ በሉ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በጥር፣ በየተራ በአንዳቸው ቤት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት አብረው እንዲበሉ፣ ከመካከላቸው የሞተ ቢኖርም ሚስቱ በእሱ ቦታ እንድትቀመጥ ተማማሉ ይባላል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ተራው የጓንጉል ሆነ። የጓንጉል ሚስት ማንያህልሻል በባለሙያነቷ የታወቀች ነበረችና ያን ቀን ሁሉም በልተው አመሰገኑ። ቢያድግልኝ የሚባለው ጓደኛቸው ግን እጁን ታጥቦ ገና ሳይደርቅለት ሆዱን ይዞ ተነሣ፤ ከደጃፉም ሳያልፍ ወደቀ። ላብ አጠመቀው፤ አስታወከው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው በጓንጉል ደጅ ሞተ።

ምን በልቶ ነው ብሎ መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ገበታ የበሉት አምስቱ ምንም አልሆኑም የሚል ሰው ቢገኝም፣ ማንያህልሻል በግብዣው መሀል ለቢያድግልኝ በእጇ አጉርሳው ነበርና ነገሩ ሁሉ ከዚያች ጉርሻ ላይ ወደቀ። የሟች ወንድሞች ከዳኛ ፊት አቆሟት፤ ማስረጃ ታጥቶ ብትለቀቅም ደሙን ሳንመልስ አንቀርም ብለው ማሉ። ከዚያ በኋላ ማንያህልሻል ከቦዩ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ይበታተኑ ጀመር። አንድ ቀን ገንቦዋን በእግራቸው አንከባልለው ሰበሩባት። በልቅሶ ቤት ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ጠላዋን የሚቀምስ ጠፋ፤ የስድስቱ እራትም ተቋረጠ። ጓንጉል ራሱ በልቡ ጠርጥሯት ነበር የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን ይህን አይቀበሉም።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ። በስድስተኛው ዓመት ለልጃቸው ለትርንጎ የሠርግ ቀን ተቆርጦ ሳለ የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ቀረብን አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ትርንጎ ከጓዳ አልወጣም ባለች በሦስተኛው ቀን ማንያህልሻል ባሏን ጠርታ፣ ጥር ደርሷልና ጓደኞቹን ለእራት እንዲጠራ ነገረችው። ጓንጉል ማንም አይመጣም አላት።

«ይመጣሉ» አለችው። «ዶሮውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ በርበሬውንም እነሱ ይያዙ። እኔ ድስቱን አልነካም፤ አንተ ሥራው።»

ጓንጉል ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ወጥ ሲሠራ ቢታይ የሚተርፈው ስም እንደሌለ አስረዳት።

«ማጀት አትገባም፤ ጉልቻውን ወደ ደጅ አውጣው። ዓይናቸው እያየ ሥራው» አለች፤ ቆየት ብላም፣ «አንተም እኮ ስትበላ እጄን ታያለህ» አለችው።

ጓንጉል ተነሥቶ ማጀት ገባና ሦስቱን ጉልቻዎች አንድ በአንድ ተሸክሞ ደጅ ጎለታቸው።

አራቱ ጓደኞች የመጡት መሐላው ይዟቸው እንጂ ደስ ብሏቸው አልነበረም። እያንዳንዳቸው በጋቢያቸው ሥር ከቤታቸው የተጋገረ ቂጣ ሸሽገው ነበር። በዕድሜ የሚበልጣቸው አያ ፈንቴ ደግሞ ውሻውን አስከትሎ መጣ፤ ለምን እንዳመጣው የጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉም ገብቶታልና። በመጨረሻ የቢያድግልኝ ሚስት እንጉዳይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች፤ በባሏም ቦታ ተቀመጠች። ማንያህልሻል ሁሉም በሚያያት፣ ከድስቱ ርቃ፣ ከአጥሩ ሥር ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ጓንጉል እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ፣ መዳፉን ገልብጦ አሳይቷቸው ሥራውን ጀመረ። ዶሮ ማረዱን ያውቃል፤ ብልት ማውጣቱን ግን አያውቅምና ቢላዋው አጥንት ላይ እየቆመ አስቸገረው። የሚስቅ አልነበረም። ሽንኩርቱን ሲከትፍ ዓይኑ አለቀሰ፤ እንባውን ለመጥረግ እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ አያ ፈንቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ጓንጉል እጁን ባዶውን አውጥቶ አሳየው፤ እንባውንም ሳይጠርግ ቀጠለ።

ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ገብቶ መቁላላት ሲጀምር እሳቱ በዝቶ ነበር። የማረር ሽታ ግቢውን ሞላው። ማንያህልሻል ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተናገረችም፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ ደገመችበት እንደሚሏት ታውቃለች። ጓንጉል ውኃ አቀብሉኝ አለ። የሚነሣ ታጣ፤ እንስራው የእሷ ነበርና። ሁለተኛ አለ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ድስቱ መጨስ ጀመረ።

ያን ጊዜ እንጉዳይ ተነሣች። ከያዘችው ስንቅ ውስጥ ቅሏን አውጥታ ወደ ቦዩ ወረደች፤ ባሏ ከቆፈረው ውኃ ቀድታም ወጣች። ድስቱ አጠገብ ደርሳ ልታፈስ እጇን ስትዘረጋ አያ ፈንቴ አስቆማት።

«ተይ እንጉዳይ» አላት። «ከዚህ ድስት እጁን ያገባ ሰው፣ ማታ አንዳችን ብንሞት ተጠያቂ ነው። አንቺን የሚጠረጥር የለም፤ እጅሽን አታስገቢ።»

እንጉዳይ ቅሉን መለስ ስታደርግ ውኃው በእግሯ ላይ ፈሰሰ። ልትመለስ አንድ እርምጃ ተራመደች ይባላል፤ ከዚያ ግን ቆመች።

«የእኔ እጅ ፊትም ነበረበት፣ አያ ፈንቴ» አለች።

ምን ማለቷ እንደ ሆነ የገባው አልነበረም። እንጉዳይ ቀና ሳትል ተናገረች። ቢያድግልኝ የሞተ ዕለት ጠዋት ኮሶ ጠጥቶ ነበር። ኮሶው አልወርድ ሲለው፣ የጓደኞቹ እራት እንዳያመልጠው ቸኩሎ ሌላ እንድትደግመው ጠየቃት። ኮሶ ሲበዛ ይገድላል፣ አይሆንም ብትለው ተቆጣ፤ እሷም ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ በእጇ ሰጠችው። እንዳይሄድ ለመነችው፤ ኮሶ ይዞት ከእራት ቀረ ብለው እንዳይስቁበት ለማንም አትንገሪ ብሏት ወጣ። ለምን ስድስት ዓመት ዝም እንዳለች አያ ፈንቴ ሲጠይቃት፣ የባሏ ወንድሞች ደም መላሽ እንደሆኑና ሰይፉ ከማንያህልሻል ላይ ተነሥቶ በእሷ ላይ እንደሚያርፍ ስለፈራች መሆኑን ነገረችው።

ማንያህልሻል ከአጥሩ ሥር ተነሣች። እንጉዳይን ልትመታት ነው ብለው ከጓደኞቹ ሁለቱ ሊይዟት ተጠጉ። እሷ ግን አጠገቧ ደርሳ ቆመችና በዝግታ ተናገረች።

«ገንቦዬን ሲሰብሩት ቆመሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ» አለች እንጉዳይ።

ማንያህልሻል ማማሰያውን ከባሏ እጅ ወሰደች፤ በቅሉ የቀረውንም ውኃ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ማንም አላስቆማትም። ወጡ በስሎ እስኪወጣ ድረስም እሷው አማሰለችው። አያ ፈንቴ ቂጣውን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ለውሻው ጣለለት፤ ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ። ጓንጉልም ከሁሉ ቀድሞ፣ ቀና ብሎ እጇን ሳያይ፣ ሚስቱ ካወጣችው በላ።

ከዚያ አራቱ ጓደኞች በየተራ ጠቅልለው አጎረሷት፤ በጉርሻ የመጣባትን ስም በጉርሻ ይመልሱላት ዘንድ ነው ይባላል። እንጉዳይም መጨረሻ ላይ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ማንያህልሻል አፏን አልከፈተችም። ወጡ እስከ እንጉዳይ የእጅ አንጓ ወረደ፤ እንጉዳይም እጇን አልመለሰችም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹ በአንድ ቃል አይናገሩትም። አንዳንዶቹ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጎረሰችላት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያን ቀን አልጎረሰችም፣ የጎረሰችላት በሚከተለው ዓመት፣ በጥር፣ በአያ ፈንቴ ቤት ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት፣ አራቱ ጓደኞች ወደ ሟች ወንድሞች ሄደው ለእንጉዳይ ዋስ መቆማቸው፣ ያዩትንና የሰሙትን በእነዚያ ጉልቻዎች ስም መመስከራቸው ነው። ትርንጎም በዳግማይ ትንሣኤ ተዳረች ይባላል፤ ያገባችው ግን የቀረብን ባዮቹን ልጅ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

ዛሬ በግራር አፋፍ ባሎች ብዙም ወጥ አያሳርሩም፤ ከአባቶቻቸው እያዩ ለምደውታል። ገበታው ሲቀርብ ግን ከእመቤቲቱ በፊት የሚጎርስ የለም። እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ፣ ጠቅልሎ፣ እጁን ይዘረጋላታል። እሷም ፈጥና የመጉረስ ግዴታ የለባትም። ከእንግዶቹ መካከል ያስቀየማት ሰው ካለ፣ ዘርግቶ እንደ ቆመ የፈለገችውን ያህል ታቆየዋለች፤ ወጡ በክንዱ ይወርዳል፤ የቀረው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ ቶሎ በይ የሚላትም የለም።