ከረጢት ውስጥ የሳሳው መቁጠሪያ

አንድ ዶቃ የሚሰካ ሰው ነበረ። የሚኖረው ባቡር በሚያልፍባት ቆላማ ከተማ ነው። የክርስቲያኑ መቁጠሪያ፣ የሙስሊሙ ሙስበሃ፣ የሴቶች የአንገት ዶቃ፣ ሁሉም ሲበጠስ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። ትርሲት ልጄ፣ «እማዬ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በጀመርኩ ቁጥር ሕፃኑ ያስጥለኛል፤ ከወለድኩ ወዲህ አንድ ቀን ጨርሼ አላውቅም፤ ያልተጨረሰ ጸሎት ይሰማል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መጽሐፍ ጠቅሶ ማስረዳቱን ለመምህራኑ ልተወው። እኔ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

አንድ ቀን ጠዋት ሕንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ወደ ሰውዬው ሱቅ ገባ። በሁለት እጁ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዟል፤ አያያዙ እንቁላል የያዘ ይመስላል።

«ጋሼ፣ የእናቴ መቁጠሪያ ተበጠሰ» አለ። «አደራዎን፣ መሬት እንዳያስነኩት። ደግሞ ቶሎ ይድረስልኝ።»

«ምን ያስቸኩልሃል? እኔ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ልገዛ ስመጣ ግማሽ ቀን አይደል የምታስቆመኝ?» አለው ዶቃ ሰኪው።

ነጋዴው ሳይስቅ ነገሩን አጫወተው። እናቱ ታማለች፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን ብለው መልሰዋታል። ሞቱን አልፈራችም። የፈራችው ሌላ ነገር ነው።

የእነሱ መቁጠሪያ መቶ ስምንት ፍሬ አለው። ከዚያ ሌላ አናት የሚሆን አንድ ትልቅ ፍሬ አለ፤ እሱ አይቆጠርም፣ አይታለፍምም። ጸሎተኛው ከአናቱ ቀጥላ ካለችው ፍሬ ይነሣና በእያንዳንዷ ላይ የአምላኩን ስም እየጠራ ይሄዳል። ዞሮ አናቱ ጋ ሲደርስ ዙሩ ሞላ ይባላል። ሴትዮዋ በሙሽርነቷ ከአማቷ የተማረችው ሥርዓት ደግሞ ጥብቅ ነበር። መሃል ላይ ያቋረጠ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያዋ ፍሬ ይጀምራል። ጸሎት የሰው ዓይን ማረፊያ እንዳይሆን ተብሎም፣ መቁጠሪያው ከከረጢቱ አይወጣም። እጅ ይገባል እንጂ።

ይህች ሴት ዘጠኝ ልጆች አሳድጋለች። አማት አስታማለች፣ ሱቅ ጠብቃለች። እጇን ከረጢቱ ውስጥ ስታስገባ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይጣራል፣ ወተቱ ይገነፍላል። እጇን ታወጣለች። ዙሩን የሞላችበት ቀን ትዝ አይላትም። አሁን ልጆቿን ሰብስባ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ጀማሪ ሆኜ ቀረሁ። አንዲት ዙር ሳልጨርስ ፊቱ እንዴት እቆማለሁ?» ትላለች። ያችን አንዲት ዙር ልትሞላ እንደገና ስትነሣ ነው ክሩ እጇ ላይ ያለቀው።

ዶቃ ሰኪው ንጹሕ ነጠላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ፍሬዎቹን አፈሰሳቸው። የተበጠሰው ከረጢቱ ውስጥ ስለሆነ አንድም አልጠፋም። እንጨታቸው በአገራቸው እንደ ቅዱስ ከሚያዩት፣ የእኛን በሶብላ ከሚመስል ተክል የተጠረበ ነው። ሰውዬው ግን ፊቱን አጨማደደ። አንዳንዱ ፍሬ ሽምብራ ያህላል፤ አንዳንዱ ከገብስ ቅንጣት አይበልጥም።

«ይሄማ የሁለት ሰው መቁጠሪያ ተቀላቅሎ ነው» አለ። «ቀጫጭኖቹን ላውጣና በልኩ አዲስ ጠርቤ ልተካልህ፤ አለዚያ ለእጅ አይመችም።»

«እኔ ከረጢቱን እንጂ መቁጠሪያውን አይቼው አላውቅም» አለ ነጋዴው። «እንዳማረ አድርገው ይሥሩልኝ።» ብሎም ሄደ።

ሰውዬው ዶቃ የሚደረድርበት ቦይ የወጣለት ጣውላ ነበረው። የትኛው ይጣል፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ለመለየት፣ ትልቁን አናት ለብቻው አኑሮ፣ ሌሎቹን ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ቦዩ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ መለያያውን ፈለገ። የሁለት ሰው መቁጠሪያ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ልኩ መዝለል አለበት። ጣቱን ከዳር እስከ ዳር ወሰደ፣ መለሰ። የሚዘል ቦታ የለም። እያንዳንዷ ፍሬ ከጎረቤቷ በፀጉር ያህል ብቻ ታንሳለች። እንዲህ አድርጎ የሚጠርብ እጅ ደግሞ እሱ አያውቅም።

ወደ መስኮቱ ይዟቸው ሄደ። በወፍራሞቹ ወገብ ዙሪያ ጠራቢው ለጌጥ ያወጣው ስስ መስመር አለ። መካከል ያሉት ላይ መስመሩ ደብዝዟል። ቀጫጭኖቹ ላይ ምንም የለም።

ያን ጊዜ ገባው። ሲሠሩ ሁሉም እኩል ነበሩ።

ማመን አቃተው። አንዲት ወፍራም ፍሬ መረጠና በአውራ ጣቱ ያሻት ጀመር። ደንበኛ መጣ፣ ነገ ተመለስ አለው። ፀሐይዋ ከደጁ ላይ እስክትሻገር ድረስ አሸ፤ ጣቱ ቀላ። ከጎረቤቷ ጋር አስተያያት፤ ምንም አልጎደለባትም። ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀና ቁጭ ብሎ ጣውላውን አየው። በእንጨቱ ላይ ስንት ጊዜ ጣት እንዳለፈበት ሊያስበው ሞከረ፣ አልቻለም። አንዲቷንም አልሰካም። ጣውላውን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደ።

ልጆቿ ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። ሰውዬው ጣውላውን አልጋዋ ላይ አኖረና ገለጠው።

«ይሄ የማነው?» አለች።

«የእርስዎ ነው፣ እማማ።»

«የኔማ እንዲህ አልነበረም። አባቴ ሲሰጠኝ ሁሉም እኩል ነበር።»

«እኩል ነበር። ከአናቱ ቀጥሎ ያለው እንዲህ የሆነው በእርስዎ ጣት ነው። ወዲያኛው ጫፍ ያለው እንደነበረ አለ።»

አሮጊቷ ቀጭኗን ፍሬ በጣቷ ነካች። «እንጨቱን የበላሁት እኔ ነኝ? ጥርስ እንኳ የለኝ!» አለች። ልጆቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁን ተወችው። ጣቷን ቦዩ ላይ ቀስ አድርጋ መራመድ ጀመረች።

«እዚህ ጋ አማቴ ትጣራ ነበር» አለች። ትንሽ ሄደች። «እዚህ ጋ አንተ ትነቃለህ» አለች ለነጋዴው፤ «ሆዳም ነበርክ።» አሁንም ሄደች። «እስከዚህ የደረስኩት ትኩሳት የነበረባችሁ ጊዜ ነው፤ ደክሟችሁ ስትተኙ።» እየሄደች በሄደች ቁጥር ፍሬው እየወፈረ፣ ድምጿ እያነሰ መጣ። ወፍራሞቹ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማማ» አለ ዶቃ ሰኪው። «ሠላሳ ዓመት መቁጠሪያ ሰክቻለሁ። የጨረሱ ሰዎችን መቁጠሪያ አውቀዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በመጀመር ብቻ እንጨት የጨረሰ ሰው ግን አላየሁም። ይህን ሁሉ ጊዜ ተጠርቶ አልሰማም ይላሉ?»

አሮጊቷ ጣቷን ወደ ቀጭኗ ፍሬ መለሰች፣ እዚያው አኖረችው።

«እኔ እኮ ቀጫጭኖቹን ላውጣ ሲሉኝ እሺ ብዬ ነበር» አለ ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ።

ሰውዬው እዚያው አልጋው አጠገብ ሆኖ፣ በየፍሬው መካከል ቋጠሮ እያሰረ፣ ከአናቱ ቀጥሎ ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ በተራቸው ሰካቸው። ስሕተት የሚሠራበት ቦታ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን ጣቷ ጽፎለታል። ሲጨርስ ከረጢቱ ውስጥ ከተተላት። እጇን አስገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ዛሬ ማንም አይጣራም፣ ዛሬ ትሞላዋለች ብለው።

ጥቂት እንደሄደች ዓይኗን ገለጠች። «ለሰውዬው ውሃ እንኳ አልሰጣችሁትም?» አለች።

ልጆቿ «ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብለው ጮኹ። ውሃው መጣ። ሰውዬው ጠጣ። እሷም ምንም ሳይከፋት ከመጀመሪያዋ ፍሬ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ዙሩን ሞልታ እንደሆነ ያወቀ ሰው የለም። እሷም ስለ መጨረስ ዳግመኛ አላነሣችም፤ ፊቷም የፈራ ሰው ፊት አልነበረም።

አየሽ ትርሲት፣ ያች ሴት የጠራችበት ስም የእኛ አይደለም፤ በዚያ ላይ ፈራጅ ልሆን አልቀመጥም። ያንቺ ነገር ግን ከእሷ ጋር አንድ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ትተሽው የተነሣሽውን ጸሎት፣ የባከነ አድርገሽ ታዪዋለሽ። እኔ ደግሞ ባለፈው እዚህ ስታድሪ መጽሐፍሽን ገልጬ አይቼዋለሁ። የየዕለቱ መጀመሪያ ቅጠል ጥጉ ወዝቷል፣ ላልቷል፤ መጨረሻው ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ያን ሳይ እንዳንቺ አላዘንኩም። ደነገጥኩ፣ ልጄ። ስንት ጊዜ ተመልሰሽ ብትጠሪው ነው ወረቀቱ እንዲህ የሆነው? ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የሚሰማሽ ባይኖር፣ ማን ነው በየቀኑ ወደዚያ የሚመልስሽ?

ይኸው ሕፃኑ ነቃ። ሂጂ አንሺው። አጥቢውና ስትመለሺ ከመጀመሪያው ጀምሪ።