ስልቻው ውስጥ የገባ እጅ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ሽማግሌው መምህር፣ የቀድሞ ተማሪያቸው የጠየቃቸውን ከሰሙ በኋላ። ጠያቂው ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የፀሐይና የነፋስ ኃይል ለማጥናት ከተወዳደሩት ሁለት ልጆች የተሻለውን ጥሎ የእህቱን ልጅ አሳልፎ ነበርና፣ «የእህቴ ልጅ ተምሮ አገር ከጠቀመ በደሉ አይካካስም ወይ?» አላቸው።

ገበሬው በሐቀኝነቱ የታወቀ ነበር። አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ያለ አዋቂ «አንድ ሰው ላኩልኝ፤ በውሃ የሚዞር ወፍጮ መሥራት በነፃ አስተምረዋለሁ» ብሎ ላከ። ብዙዎች ፈለጉ። ከእነሱ አንዷ በጅረት ላይ ትንሽ መንኮራኩር ሠርታ የምታዞር የድሃ ልጅ ነበረች።

ዕጣ ይጣል፣ አውጪውም ሐቀኛው ገበሬ ይሁን ተባለ። ገበሬው ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ሁሉም የየራሱን ምልክት ስልቻ ውስጥ ከተተ፤ እሱ ሳያይ እንዲያወጣ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው የገዛ ልጁ ግን ጠዋት «የኔ ጫፉ የተላጠው እንጨት ነው፣ አባ» ብሎት ነበር። እጁ መጀመሪያ ጠጠር ጨበጠ። ለቀቀው። ዳብሶ ዳብሶ የተላጠውን አወጣ። ዕጣ የእግዜር ቃል ነውና ማንም አልተከራከረም። ምልክቱ ለየባለቤቱ ሲመለስ ጠጠሩን የወሰደችው ያቺ ልጅ ነበረች።

የገበሬው ልጅ ተምሮ መጣ፤ ወፍጮውንም አሳምሮ ሠራ። አገሩ «እጅህ ይባረክ» እያለ ገበሬውን መረቀው። ምርቃቱ እንደ ጅራፍ ይለበልበው ጀመር። እጁን ጋቢው ውስጥ መደበቅ ለመደ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሴቶች ልጅቱን ሲተርቧት ሰማ። «አንቺ፣ ያቺ መንኮራኩርሽስ? ከጅረቱ ጋር ኮበለለች እንዴ?»

«አነደድኳት» አለች እየሳቀች። «እግዜር ‹አትችይውም› ካለኝ ምን ላድርጋት?»

ገበሬው እጁን ከጋቢው አወጣ። «እግዜር አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ። ያደረገውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረ። ልጁ ደንግጦ ውሃውን ዘጋ፤ ወፍጮው ቆመ።

ልጅቱ አልጮኸችም። «ታዲያ የወጣሁት እኔ ነበርኩ?» አለች ብቻ።

ገበሬው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

መምህሩ ወደ ጠያቂው ዞሩ። «ወፍጮው ደህና ይፈጭ ነበር፣ ልጄ። የእህትህም ልጅ ጎበዝ መሐንዲስ ይሆን ይሆናል። የጣልከው ልጅ ግን እስከ ዛሬ የሚወቅሰው አንተን አይደለም፤ የገዛ ጭንቅላቱን ነው። ሂድና ‹አንተ አልሰነፍክም፣ የወሰድኩብህ እኔ ነኝ› በለው። ታፍራለህ። እፈር።»