በገዛ ደጇ ባዕድ የተባለች ሴት

እስቲ አንዲት ሴት አስቡ። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ማሳና ሁለት ላም ያላት ሴት። አገሯ ዌልስ ነው፤ ከእንግሊዝ ጎን ያለ ተራራማ አገር። ዘመኑ የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ግድም። ስሟን ስጠራው አትሳቁብኝ፤ ታንግዊስትል ትባላለች። ሳቃችሁ አይደል? ይሁን! ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ልነግራችሁ ያሰብኩት ቃል ግን እውነተኛ ነው።

የዌልስ መሳፍንት ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ስንት ዘመን ተዋጉ! በመጨረሻ ልዑላቸው በጦር ተወግቶ ወደቀ። የታንግዊስትልም ባል አብሮት ወደቀ። ንጉሡ ምን አደረገ? በአገራቸው ላይ የድንጋይ ግንብ ገነባ፣ ከግንቡ በር ላይ ጸሐፊ አስቀመጠ። "ማሳዬ ይጽናልኝ የሚል ሁሉ መጥቶ ስሙንና ወገኑን ያስመዝግብ" ተባለ።

ሄደች። ምን ታድርግ? ጸሐፊው ቋንቋቸውን አይሰማምና ኢቴል የሚባል የመንደሯ ሰው አጠገቡ ቆሞ ያስተረጉማል።

"እማማ፣ 'ዌልሽ ነኝ' ይበሉና ይሂዱ፤ አለቀ" አላት።

"ዌልሽ ምን ማለት ነው?"

ኢቴል አፈረ። "በነሱ ቋንቋ... ባዕድ ማለት ነው።"

ባዕድ! ትሰማላችሁ?

"ይኼ ሰውዬ የት ተወለደ?" አለችው።

"ለንደን።"

"በፈረስ ስንት ቀን ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ያ ከታች ጭስ የሚወጣበት የማን ቤት ነው?"

"የእርስዎ።"

"ታዲያ ባዕዱ ማነው?"

ልክ ናት ወይስ አይደለችም? ልክ ናት! ግን ልክ መሆን ብቻውን ማሳ አያስጥልም። ኢቴልም ለመናት። "በእግዜር እማማ! አንድ ቃል እኮ ናት! እኔም ብያታለሁ፣ ይኸው እየበላሁ ነው። እምቢ ካሉ ማሳውን ይነጥቁዎታል።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን! እኔ እንጃ፤ 'ዌልሽ ነኝ' ብዬ የምሄድ ይመስለኛል።

እሷ ግን ቀና አለችና "ክምሪ ነኝ" አለች። ክምር አላልኩም፣ ክምሪ! ዌልሶች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ያገር ልጅ፣ ወገን ማለት ነው። እስቲ ብቻችሁን ወገን ሁኑ! አይቻልም። ወገን ለመሆን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ኢቴል ዞረች።

"አንተም ነህ" አለችው።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። "ምን አለች?"

የኢቴልን ጭንቅ አያችሁ? "ዌልሽ ነኝ ብላለች" ቢል ማን ያውቅበታል? ማሳዋ ይተርፋል፤ የእሱም እንጀራ አይቋረጥም። እሱ ግን "ባዕድ አይደለሁም ብላለች" አለ። "እኔም አይደለሁም።"

ማሳውን ወሰዱት። አልዋሻችሁም፣ ወሰዱት! ኢቴልንም ከሥራው አባረሩት። ሁለቱ ሰዎች ላሞቹን እየነዱ ወደ ተራራው ወጡ፤ ድንጋይ ለቅመው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ እዚያ ኖሩ። አንገታቸውን ሳይደፉ ኖሩ!

ወገኖቼ፣ እናንተንስ ዛሬ ምን በሉ ነው የሚሏችሁ? "ያላየኸውን አየሁ ብለህ ፈርም፣ ትሾማለህ።" "እምነትሽን ደጅ ትተሽ ግቢ፣ ትቀጠሪያለሽ።" አንድ ቃል እኮ ናት ይሏችኋል። እምቢ በሉ! እግዚአብሔር ልጄ ያለውን ሰው የትኛው ጸሐፊ ነው ባዕድ ብሎ የሚጽፈው?

አሜን አላችሁ። ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። እናንተስ በሰፈራችሁ "መጤ" የምትሉት ማንን ነው? ዕድር አናስገባም ያላችሁት ቤተሰብ የለም? እዚያ ጋ ብዕሩን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ጣሉት! ዛሬውኑ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩና ሰውየውን "ወገኔ" በሉት። ይህን ማለት ካቃታችሁ፣ ቅድም ያላችሁትን አሜን መልሳችሁ ውሰዱ።